ግጣጣው ማታዶር

የሥራ ጓደኞቹ «ወጌሻው» ይሉታል። አጥንት ስለሚገጣጥም ነው። የሚገጣጥመው ግን የተሰበረ ሰው አጥንት አይደለም፤ ኮምፒዩተር ላይ የሚሳል አጥንት ነው። የቪዲዮ ጌም በሚሠራ ትንሽ ድርጅት ውስጥ ተቀጥሮ የገጸ ባሕርያቱን አካል ከአጽማቸው ጀምሮ የሚያበጀው፣ እንዲራመዱ፣ እንዲዘሉ፣ ወድቀው እንዲነሡ የሚያደርጋቸው እሱ ነው።

ከሠራቸው ሁሉ አብልጦ የሚወደው አንድ ማታዶር ነበር። ዕድሜውን በሙሉ በአጥር በተከበበ ሜዳ ውስጥ ከበሬ ጋር ሲፋለም ኖሮ፣ ከሞተ በኋላም ሜዳውን አልለቅም ያለ ሰው። ሥጋው አልቆ አጥንቱ ቀርቷል፤ በወርቅ ክር የተጠለፈው አጭር ኮቱ ግን እስካሁን ከትከሻው አልወረደም። በአንድ እጁ ቀይ ጨርቅ፣ በሌላው ቀጭን ሰይፍ ይዟል። ሰው ሲመጣበት ጨርቁን ያውለበልባል። የመጣው ሰው ሲንደረደርበት ሸርተት ብሎ ያሳልፈውና ከኋላ ይወጋዋል። ወግቶም አያበቃም፤ ወገቡን ሰበር፣ ባርኔጣውን ከፍ አድርጎ ለተመልካች እጅ ይነሳል።

ጌሙ ረጅም ነው። ተጫዋቹ ከጅምሩ ወይ ጦረኛ፣ ወይ ጠንቋይ፣ ወይ ሐኪም መሆንን ይመርጥና ከአገር አገር እየዞረ ጉልበትና መሣሪያ ያጠራቅማል። በየምዕራፉ መጨረሻ ደግሞ ተጫዋቾች «ቦስ» የሚሉት አንድ ኃይለኛ ጠላት ቆሞ ይጠብቀዋል። ማታዶሩ እንዲህ ያለ ቦስ ነው። ስንቱ እሱ ጋ ደርሶ ጆይስቲኩን ግድግዳ ላይ እንደወረወረ ኢንተርኔት ላይ ባነበበ ቁጥር የወጌሻው ደረት በኩራት ይነፋ ነበር። አንድ እሁድ ግን ያ ሁሉ ኩራት ተነፈሰ።

የዚያን ዕለት የፍቅረኛውን ወላጆች ለመጀመሪያ ጊዜ ሊያይ ሄደ። ፍቅረኛው ፋርማሲስት ናት። የተዋወቁት ከሥዕል ብዛት የእጁ አንጓ አብጦበት መድኃኒት ሊገዛ የሄደ ጊዜ ነበር። «ምን ስትሠራ ነው እንዲህ የሆንከው?» ብትለው «አጥንት ስገጣጥም» አላት። እሷም የቀዶ ጥገና ሐኪም መስሏት በአክብሮት ወንበር አቀረበችለት። እውነቱ ሲወጣ ሁለቱም እስኪያነቡ ሳቁ፤ ነገሩ ከዚያው ቀጠለ። አሁን ሊጋቡ ተስማምተዋል፤ የቀረው ለአባትና ለእናት መንገር ብቻ ነው። «አባዬ የከብት ሐኪም ነበር» ብላዋለች። «አንድ በሬ ወገቡንና ጉልበቱን መትቶት ነው ጡረታ የወጣው። አፉ ሲሳደብ አይስማህ እንጂ ልቡ ቅቤ ነው።»

ወጌሻው አዲስ ሸሚዝ ለብሶ፣ ለእናትየው አበባ ይዞ በር አንኳኳ። የከፈተችለት ራሷ ነች። ፊቷን ሲያየው ልክ አይደለም፤ ሳቅም ድንጋጤም የተቀላቀለበት ነው።

«ሳትገባ አንድ ነገር ልንገርህ» አለችው በሹክሹክታ። «ተናገርኩ አልተናገርኩ እያልኩ ነው እዚህ የደረስነው። አባዬ እኮ…»

«ማን ነው? እንግዳው ነው?» አለ አንድ ጎርናና ድምፅ ከሳሎን። «ይግባ! ቶሎ ይግባ! ብቻ እንዳያናግረኝ!»

ወጌሻው ወደ ሳሎን ሲዘልቅ መጀመሪያ ጆሮው ነው የደነገጠው። ከቴሌቪዥኑ የሚወጣውን ጥሩምባ ያውቀዋል። ዓይኑን ሲያነሣ የራሱ ማታዶር ስክሪኑን ሞልቶ ቀይ ጨርቁን ያውለበልባል። ከቴሌቪዥኑ ፊት ለፊት አንድ ፀጉራቸው የሸበተ፣ ትከሻቸው ሰፊ ሰው አንድ እግራቸውን በርጩማ ላይ ዘርግተው፣ ምላሳቸውን ነክሰው ጆይስቲክ ይዘዋል። ከሰላምታ ይልቅ ክርናቸውን ወደ ሶፋው ወነጨፉት፤ ቁጭ በል ማለታቸው ነው። ቁጭ አለ።

ብዙም አልቆየ። ሽማግሌው ሐኪም የሚያንቀሳቅሱት ሰው ተንደረደረ፣ ማታዶሩ ሸርተት አለ፣ ሰይፉ ብልጭ አለ። ከዚያ ያቺ እጅ መንሳት መጣች፤ ወገብ ሰበር፣ ባርኔጣ ከፍ።

«ግጣጣ!» አሉ ሐኪሙ። «አየኸው? አየኸው ይሄን ግጣጣ? ገድሎኝ ሲያበቃ ይስቅብኛል! ይሄን ነገር የሠራው ሰው እጁ ቄጠማ ይሁን! ጣቶቹ ይተሳሰሩ!»

ወጌሻው ሳያስበው ሁለት እጆቹን ከጉልበቶቹ መሃል ሸጎጣቸው። ፋርማሲስቷን ቢያያት ወደ መስኮቱ ዞራ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ነገሩ ያን ጊዜ ገባው። ጌሙን ለአባቷ ገዝታ የሰጠቻቸው እሷ ናት፤ ቤት በዋሉበት ጊዜ እንዲያፍታቱበት፣ አድንቀው ሲጨርሱ ደግሞ «የሠራው እኮ የእኔ ሰው ነው» ልትላቸው። አባት ግን ማታዶሩ ጋ ሲደርሱ ማድነቁን ትተው መራገም ጀመሩ፤ እርግማኑ በየቀኑ እየበረታ ሲሄድ እሷም ምላሷን ዋጠች።

እናትየው ከኩሽና ወጡ። አበባውን ተቀብለው ጉንጩን ሳሙት። «አይዞህ ልጄ፣ አንተን አይደለም የሚሰድበው» አሉት። «ያንን የቴሌቪዥኑን ነው። ቤታችን ከገባ ወዲህ እኔም የሞተ ሰው መስደብ ለምጃለሁ። ምሳው ደርሷል፣ ኑ ወደ ጠረጴዛ።»

«አንዴ ብቻ» አሉ ሐኪሙ፤ ጌሙን እንደገና እያስነሡ። «ለመሆኑ ሥራህ ምንድን ነው?»

«ኮምፒዩተር ላይ ነው የምሠራው፣ ዶክተር።»

«ትጠግናለህ?»

«እ… እንደዚያ ነገር።»

«ጥሩ ሙያ ነው። በል ያዝ» ብለው ጆይስቲኩን ሰጡት። «የዘንድሮ ልጅ ነህ፣ ጣትህ ቀልጣፋ ነው። ሞክርልኝ እስቲ። አንዴ እንኳ ሲወድቅ ልየውና አንጀቴ ይራስ።»

ጉድ ፈላ። አልችልም ቢል ነውር ነው። ቢያሸንፍ ሽማግሌው ያን ያህል የለፉበትን ድል በእንግድነቱ ቀን ሊነጥቃቸው ነው። አስቦ አስቦ ትንሽ ታግሎ መሸነፍን መረጠ። እጅ ግን ልማዷን አትተውም። የማታዶሩን እያንዳንዷን እንቅስቃሴ፣ የክርኑን አነሣስ፣ የአንገቱን ዘወርታ ከወራት በፊት ቁጭ ብሎ በጣቶቹ የቀረጸው እሱ ነው። ማታዶሩ ገና ትከሻውን ሲሰብቅ የወጌሻው ሰው ዘወር ብሏል፤ ሰይፉ ሳይመዘዝ ርቋል። ልሸነፍ ብሎ የጀመረው ሰውዬ ጭራሽ እንደ ዳንስ አሳመረው።

ሐኪሙ መጀመሪያ ጭብጨባ ጀምረው ነበር። ቀስ በቀስ ማጨብጨቡን ተዉ። ዓይናቸው ከስክሪኑ ወርዶ የወጌሻው ጣቶች ላይ አረፈ።

«ቆይ እስቲ» አሉ። «አንተ ልጅ፣ እሱ ሳይመጣብህ እኮ ነው የምትሸሸው።»

«እ?»

«ሰውዬውን ታውቀዋለህ። በሬ ሳክም ኖሬ የሚያውቅና የማያውቅ እጅ መለየት አቅቶኝ አያውቅም። ከየት ነው የምታውቀው?»

መዋሸት ይቻል ነበር፤ ቤቴ ስጫወተው ቆይቼ ነው ቢል ማን ይጠይቀዋል? ግን አማቴ ይሆናሉ ብሎ በሚያስባቸው ሰው ሳሎን፣ በመጀመሪያው ቀን፣ ሁለተኛ ውሸት ከአፉ አልወጣም አለው። ፊቱን ወደ ሐኪሙ አዞረ።

«የሠራሁት እኔ ነኝ፣ ዶክተር» አለ። «የጣቴን ነገር… እርግማኑን ቢያነሡልኝ።»

ፊቱን ሲያዞር ታዲያ ስክሪኑን ረስቶት ነበር። ማታዶሩ አልረሳም። ሸርተት ብሎ መጣና በሰይፉ ወጋው፤ የወጌሻው ሰው በግንባሩ ተደፋ፤ ማታዶሩም ወገቡን ሰበር አድርጎ ለገዛ ሠሪው እጅ ነሳ።

ሐኪሙ ስክሪኑን አዩ፣ ወጌሻውን አዩ፣ እንደገና ስክሪኑን አዩ። ከዚያ ከሆዳቸው ሥር የሆነ ነገር መንፈቅፈቅ ጀመረ። ሳቁ ሲፈነዳ በርጩማው ተንሸራተተ፣ የተዘረጋው እግራቸው መሬት ዱብ አለ፣ እሳቸው ግን ሕመሙም ትዝ አላላቸው።

«አባቱን!» አሉ እንባቸውን እየጠረጉ። «አባቱን ገደለው! አንቺ! ነይ ተመልከቺ! ይሄ ግጣጣ የወለደውን ገደለው!»

ፋርማሲስቷ ከመስኮቱ ሥር ሶፋ ላይ ተዘርራ በሳቅ ፍርስ ብላለች። «አባዬ ልነግርህ ነበር…» ትላለች፣ ሳቋ ቃሉን ይበላባታል። ወጌሻውም መጀመሪያ ምድር ተከፍታ ብትውጠው ወዶ ነበር፤ ኋላ ግን ሳቁ ተጋባበት።

ሳቁ ሲበርድ ሐኪሙ ተስተካክለው ተቀመጡ። ፊታቸው ላይ አንድ ትልቅ ደስታ ይነበብ ነበር፤ ለወራት አቤት የሚሉበት ቢሮ አጥተው ኖረው ባለሥልጣኑ በእግሩ ቤታቸው ድረስ የመጣላቸው ሰው ደስታ።

«በል ቅረብ» አሉት። «የጎድን አጥንቱን ማን ነው የሳለው?»

«እኔ ነኝ።»

«ሰው በአንድ በኩል ስንት የጎድን አጥንት አለው?»

«አሥራ ሁለት።»

«እስቲ የእሱን ቁጠር።»

ወጌሻው ወደ ቴሌቪዥኑ ተጠግቶ በጣቱ እየነካ ቆጠረ። መጨረሻው ላይ ሲደርስ ጣቱ አየር ላይ ቀረ። ደግሞ ከላይ ጀመረ። ያው ነው።

«አሥራ ሦስት» አለ ቀስ ብሎ።

«አሥራ ሦስት የበሬ ነው!» አሉ ሐኪሙ ጭናቸውን እየመቱ። «ሰውዬህ ከአንገቱ በታች በሬ ነው! እኔ ደግሞ ምን ቢያስቡ ነው፣ ሚስጥር ይኖረዋል ብዬ ስንት ቀን ስመራመር ከረምኩ። ምንድን ነው ትርጉሙ?»

አንድ የሚያምር መልስ ወጌሻው አፍ ላይ መጥቶ ነበር፤ በሬ ሲገድል የኖረ ሰው ሲሞት ራሱ በሬ መሆን ይጀምራል የሚል። በዚህ መልስ ስብሰባ ላይ ስንቱን ማስደመም ይቻል ነበር! የሽማግሌውን ዓይን ሲያይ ግን ተወው።

«ትርጉም የለውም» አለ። «የበሬውንም አጽም የሠራሁት እኔ ነኝ። ከዚያ ገልብጬ ማስተካከሉን ረስቼው ነው።»

ሐኪሙ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እንዲህ በለኝ እንጂ» አሉ። ከዚያ ዞር ብለው ለልጃቸው «አይዋሽም፤ ቢዋሽም አይችልበትም» አሏት፤ እሱ እንደሌለ ሁሉ።

«ሾርባው በረዶ ሆነ!» አሉ እናትየው ከወዲያ።

«አንዴ! የመጨረሻ!» ሐኪሙ ጆይስቲኩን አነሡ። ወጌሻው ሊረዳቸው ጎንበስ ቢል ጣታቸውን ቀሰሩበት። «አንዲት ቃል እንዳትተነፍስ! የሚያሸንፉበትን መንገድ ሰው ኢንተርኔት ላይ እንደጻፈው ልጄ ነግራኛለች፤ አላነበብኩም፣ አላነብም። በራሴ ነው የምጥለው። አፍህን ያዝ።»

ወጌሻው አፉን ያዘ፤ የምር በእጁ ያዘው።

ፍልሚያው ተጀመረ። ከሳቁ በኋላ ነው መሰል ሐኪሙ እንደ ቅድሙ አልቸኮሉም፤ ማታዶሩን ደህና አድርገው አደከሙት። ማታዶሩ ሲደክም ግን ፉጨት ያፏጫል፤ ያኔ የሜዳው በር ይከፈትና አንድ ትልቅ ጥቁር በሬ ይወጣል። ጀርባው ላይ ባለ ጥብጣብ ጦሮች ተሰክተውበታል። ወጌሻው እዚህ ቦታ ላይ ዓይኑ ከስክሪኑ ወደ ሐኪሙ ሄደ። በሬው ብቅ ሲል የሽማግሌው ፊት ተለወጠ። በርጩማው ላይ ያለው እግራቸው ወደ ኋላ ተሸማቀቀ፤ ጣታቸው የራሳቸውን ሰው ከበሬው አርቆ ወደ አጥሩ ጥግ አስሮጠው። ጥግ የያዘ ሰው ደግሞ የማታዶሩ ቀለብ ነው።

ሐኪሙ ብዙ ጊዜ የሚሞቱት እዚያ ቦታ እንደሆነ ወጌሻው ያኔ ተረዳ። መውጫውን ያውቀዋል፤ ሁለት ቃል ብቻ ቢናገር ይበቃ ነበር። ከንፈሩን ነከሰ።

እናትየው እጃቸውን በፎጣ እያደረቁ መጥተው ከሶፋው ኋላ ቆሙ። ሊቆጡ ነበር የመጡት፤ ዓይናቸው ግን በሬው ላይ ቀረ።

«ውይ» አሉ። «ይሄ ደግሞ ምን አጠፋ? ያ ሁሉ እንጨት ጀርባው ላይ! ማን ነው እንዲህ የተጫወተበት?»

የሐኪሙ ጣት ቆመ። ለመጀመሪያ ጊዜ በሬውን ከጭራው እስከ ቀንዱ አዩት።

«በግራ እግሩ አይረግጥም» አሉ ለራሳቸው። ድምፃቸው ሌላ ሆነ፤ ስድቡም ቁጣውም የለበትም። «አሞታል። አሞት ነው እንጂ ክፉ አይደለም። ጆሮውን አየሽው? እንዲህ ያለው ከፊት አይኬድበትም።»

ሰውየውን ከጥጉ አወጡት። ማታዶሩ ጨርቁን አውለበለበ፤ ጥለውት አለፉ። በሬው ሲዞር አብረው ዞሩ፣ ቆም ሲል ቆም አሉ። «በል፣ በል የኔ ጌታ» ይላሉ ከትንፋሻቸው በታች፤ «ቀስ። ማንም አይነካህም። እኔ ነኝ።» ይህን ንግግር ቤተሰቡ ሰምቶት አያውቅም፤ የበረት ንግግር ነበር። እናትየው እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

ሰውየው ከበሬው ጎን ሲደርስ ስክሪኑ ላይ «ንቀል» የምትል አንዲት ቃል ብቅ አለች። ጌሙን ሲጀምሩ ሐኪም መሆንን የመረጡ ሰው ነበሩ፤ ነቀሉ። አንዱ ጦር ወደቀ። በሬው አገሳ፣ ግን አልወጋም። ሌላውን ነቀሉ፣ ደግሞ ሌላውን። የመጨረሻው ሲወድቅ በሬው ራሱን ዝቅ አድርጎ ሰውየውን አሸተተውና ቀስ ብሎ ፊቱን ወደ ማታዶሩ አዞረ።

ማታዶሩ ጨርቁን አነሣ። በሬው ጨርቁን አላየውም። በቀጥታ ወደ ባለቤቱ ነበር የሄደው።

አጥንት ሜዳውን ሞላው። ባርኔጣው ለብቻ ተንከባለለ፤ ጥርሱ እንደገጠጠ የራስ ቅሉ አጥሩ ላይ ተሰቅሎ ቀረ። ጥሩምባው ተነፋ፣ ሕዝቡ ጮኸ፤ ሳሎኑ ግን ከሕዝቡ በላይ ጮኸ። ፋርማሲስቷ አባቷ አንገት ላይ ተጠመጠመች። እናትየው ፎጣውን ወደ ኮርኒሱ ወረወሩት። ወጌሻው ከሐኪሙ ቀድሞ ከተቀመጠበት ዘሎ ተነሥቶ ነበር፤ የገዛ ሥራው ሲፈራርስ እንዲህ ደስ ይለኛል ብሎ አስቦ አያውቅም።

ሐኪሙ ብቻ አልጮኹም። ስክሪኑ ላይ በሬው ከሰውየው አጠገብ ተኝቷል፤ እሱን ነው የሚያዩት። ዓይናቸው ረጥቧል።

«ለምንድን ነው እንዲህ አድርገህ የሠራኸው?» አሉት ወጌሻውን። «ሌላው ቢሆን በሬውን መግደል ነበር።»

«መጀመሪያ እንደዚያ ነበር» አለ። «ከዚያ ጌሙን ለሙከራ የሚጫወተው ሁሉ ሲገድለው እያየሁ አንጀቴ አልችል አለ። አለቃዬን ለምኜ ነው ይህችን መንገድ ያስገባኋት። ጊዜ ይፈጃል ብሎኝ ነበር፤ ከሥራ በኋላ እያመሸሁ ሠራሁት።»

ሐኪሙ ብዙ ካዩት በኋላ እጃቸውን ዘረጉ። ወጌሻው ሊጨብጡት መስሎት ነበር፤ እሳቸው ግን ተደግፈውት ተነሡ። «ወጌሻ ይሉኛል ነው ያልከው?» አሉ እያነከሱ ወደ ጠረጴዛው ሲወስዱት።

«እኔ አላልኩም፣ እሷ ነግራዎት ይሆናል።»

«እሷ ናታ፤ ለምን እንደሆነ ግን አልነገረችኝም። ሐኪምና ወጌሻ ተስማምተው ሲሠሩ እኔ አይቼ አላውቅም፤ ታዲያ ዛሬ ጉድ ነው።»

ሾርባው ቀዝቅዞ፣ ድንቹ ደርቆ፣ ዶሮው ለሁለተኛ ጊዜ ምድጃ ውስጥ ገብቶ ወጥቶ ነበር፤ ሁሉም ግን እንደ ተራበ ሰው በሉ። ሐኪሙ ድሉን ከመጀመሪያው ጀምረው ተረኩት፤ ሁሉም እዚያው እንደነበሩ ረስተው ማለት ነው። በሬው በተረኩት ቁጥር እየገዘፈ ሄደ። ወጌሻውም ሳህኑ ሲጸዳ እናትየው እየሞሉለት፣ ሲሞሉለት እየበላ፣ የመጣበትን ጉዳይ ጭራሽ ዘነጋው።

ያስታወሱት ሐኪሙ ናቸው። ሹካቸውን ድንገት አስቀመጡና፦

«ቆይ፣ አንተ ልጅ» አሉ። «ለመሆኑ ለምንድን ነው የመጣኸው?»

ወጌሻው አፉ በድንች እንደተሞላ ቀረ። ፋርማሲስቷን አያት፤ እሷ የሳህኗን አበባ መቁጠር ይዛለች። እንደምንም ዋጠና ወንበሩን ገፋ አድርጎ ቆመ።

«ዶክተር፣ እትዬ» አለ። መንገድ ለመንገድ ያጠናው ንግግር ነበር፤ አንድ ቃል አላስታወሰም። «ልጃችሁን… እኔና ልጃችሁ… ልንጋባ ነው። ከፈቀዳችሁ።»

«ዶክተር በሥራ ቦታ ነው» አሉ ሐኪሙ ዶሮውን ወደ ራሳቸው እያስጠጉ። «እዚህ ቤት አባባ ነው የምባለው። ቁጭ በል፤ ቆሞ የሚበላ እንግዳ አልወድም።»

«መልስ ነው ይሄ?» አለች ልጃቸው።

«ምን ሌላ ልበል?» አሉ አባት። «እናትሽን ጠይቂያት፤ ከእኔ ይልቅ እሷ ናት የምትጨክነው።»

እናትየው ትልቁን የዶሮ ቅልጥም አነሡና ወጌሻው ሳህን ላይ አኖሩት። ፋርማሲስቷ ከጠረጴዛው ሥር እጁን ፈልጋ ያዘች፤ በግራው ተይዞ በቀኙ እንደምንም መብላቱን ቀጠለ።